የጃንጎን ሰነድ ማጽዳት ለምትጀምሩ፦ ከደሴ የተጻፈ ተሞክሮ

«ኦፕን ሶርስ ላይ መሳተፍ ከፈለግህ በዶክመንቴሽን ጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው» የሚለውን ምክር ያልሰማ ፕሮግራመር ያለ አይመስለኝም። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። የሰነድ ቅርጽ ማስተካከል ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚጨርሰው ዓይን ነው፤ ያውም የራስን ብቻ ሳይሆን ሥራውን አይቶ የሚያጸድቀውን ሰው ዓይን ጭምር። ይህን አስቀድሞ የነገረን ቢኖር ብዙ ምሽት ይተርፈን ነበር። ደሴ ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር መጀመሪያ በጃንጎ (በፓይተን የዌብ ሲስተም መሥሪያ ፍሬምወርክ ነው) ሰነድ ላይ፣ ቀጥሎም በራሳችን የአማርኛ መመሪያ ላይ ስንሠራ ያየነውን እዚህ አስቀምጣለሁ። በተለይ በአማርኛ ሰነድ የምትጽፉ ሁለተኛውን ክፍል አትዝለሉት፤ እዚያ ያሉትን ወጥመዶች የትም ተጽፈው አላገኘንም።

ነገሩ የጀመረው በኔትወርክ እጦት ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ቢሮ ለሱቆች፣ ለክሊኒኮችና ለመጋዘኖች ሲስተም እንሠራለን፤ ሁሉም በጃንጎ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራው የሚቆመው ኮድ መጻፍ አቅቶን ሳይሆን ሰነዱን መክፈት ስለማንችል ነበር። ኔትወርኩ ደህና በሆነበት አንድ ሌሊት የጃንጎን ሶርስ ኮድ እንዳለ አወረድነው። ሰነዱ ከኮዱ ጋር በአንድ ሪፖዚተሪ፣ «ዶክስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ እንደሚኖር ያስተዋልነው ያኔ ነው። እዚያው ፎልደር ውስጥ የተዘረዘሩትን ፓኬጆች በፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ) ጭናችሁ «ሜክ ኤችቲኤምኤል» ስትሉት፣ ስፊንክስ የሚባለው መሣሪያ ሙሉውን የሰነድ ገጽ ላፕቶፓችሁ ላይ ይገነባላችኋል። የመጀመሪያው ግንባታ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የተነካውን ፋይል ብቻ ስለሚያድስ ፈጣን ነው። ኔትወርክ የሚያስቸግራችሁ ሁሉ ሌላውን ምክሬን ብትተዉት እንኳ ይህቺን ያዙልኝ፤ አንዴ ከገነባችሁት ክረምቱን ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ታነቡታላችሁ።

ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ በሎውረንስ ከተማ በአንድ ጋዜጣ ድርጅት ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ ፍሬምወርክ ነው። ከጋዜጣ ቤት መውጣቱ ሰነዱ ላይ ይታያል ባይ ነኝ። አዲስ ፊቸር ይዞ የመጣ ሰው ሰነዱን አብሮ ካልጻፈ ሥራው አይገባለትም። ጽሑፉ የሚጻፈው ሪስትራክቸርድቴክስት በሚባለው አጻጻፍ ነው፤ የፋይሎቹ ቅጥያ ግን ተራው «ዶት ቲኤክስቲ» ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በኋላ ጣጣ ያመጣል፤ ኤዲተራችሁ ፋይሉን ተራ ማስታወሻ አድርጎ ስለሚቆጥረው በውስጡ ያለው ክፍተትና የመስመር አሰባበር ትርጉም እንዳለው አያውቅም።

ከመስመር ውጭ ደጋግመን ስናነበው «እስቲ ይህን ነገር እኛም እናስተካክል» የሚል ሐሳብ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጀማሪ ሰው ሊያጸዳው የሚያስበው ነገር፣ ማለትም አንዱ ምሳሌ ኮድ በነጠላ ሌላው በድርብ ጥቅስ መጻፉ፣ የቅንፍ አቀማመጥ መለያየቱ፣ የመሳሰለው ሁሉ በማሽን ተሠርቶ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የጃንጎ ኮድ ብላክ በሚባለው ፎርማተር (የኮድን አጻጻፍ ወጥ የሚያደርግ ፕሮግራም) ከዳር እስከ ዳር ተስተካክሏል፤ በ2023 ደግሞ ብላክን ዶክስ በሚባለው መሣሪያ በሰነዱ ውስጥ ያሉት የፓይተን ምሳሌዎች ተከትለዋል። ስለዚህ «ጥቅሱን ላስተካክል» ብሎ መነሳት ያለቀ እርሻ እንደገና ማረስ ነው። ለሰው የቀረው ሥራ ማሽን የማያየው ነው።

የሥራውን ጠባይ ያሳየን ግን አንድ ተማሪ ነው። ኮምቦልቻ ሶፍትዌር የሚማር ልጅ አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ ዳገቱን ወጥቶ ቢሮ መጣ። የጃንጎን ሰነድ አስተካክሎ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ እንዲገባለት የሚላክ ጥያቄ) ሊልክ ነው። «ጋሼ፣ ከመላኬ በፊት እስቲ አንዴ እየው» አለኝ። ዲፉን፣ ማለትም የተሰረዘውንና የተጨመረውን መስመር የሚያሳየውን ዝርዝር፣ ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች ቀይና አረንጓዴ ነው፤ ያልተነካ መስመር የለም።

«ምንድን ነው የቀየርከው?» አልኩት።

«ሁለት ቦታ ብቻ ነው።»

ሁለቱን ቦታ ለማግኘት ጀበናው ሁለተኛ እስኪደርስ ተቀመጥን። አንድ ጠጠር ለማሳየት ኩንታል ምስር ትሪ ላይ እንደመዘርገፍ ነው። ፈልፍለን ስናየው ችግሩ ሦስት ነበር። ኤዲተሩ ፋይሉን ሴቭ ባደረገ ቁጥር በየመስመሩ መጨረሻ ያለውን ባዶ ክፍተት ይሰርዛል። አንቀጾቹን ደግሞ በራሱ ስፋት መልሶ ሰባብሯቸዋል። ከሁሉ የባሰው ማሽኑ ዊንዶውስ ስለሆነ የመስመር መጨረሻው ዓይነት (መስመር ማለቁን የሚናገረው ስውር ምልክት) ራሱ ተለውጦ የፋይል ለውጥ የሚመዘግበው ጊት እያንዳንዱን መስመር «አዲስ ነው» ይላል። ልጁ ቁጭ ብሎ የለፋባቸው ሁለቱ ማስተካከያዎች ጥሩ ነበሩ፤ አንዱ የተርሚናል ትእዛዝ ሆኖ ሳለ የፓይተን ስያሜ የተሰጠው ምሳሌ ነው፤ ሌላው የትም የማያደርስ ማጣቀሻ ነው። ግን ማን ያያቸዋል? ጃንጎን የሚይዘው ፋውንዴሽን የሚከፍላቸው «ፌሎው» የሚባሉ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ፑል ሪኩዌስት ማየት አንዱ ሥራቸው ነው። ሌላው ሁሉ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ነው። እኔ ቡና ይዤ፣ ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ እየነገረኝ ያላገኘሁትን ለውጥ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ከሥራ በኋላ ደክሞት ያገኘዋል ማለት ዘበት ነው።

ባልደረባዬ ልጁ ፊቱ ሲለዋወጥ አይታ «አብሽር፣ ሥራህ የትም አልሄደም» አለችውና ላፕቶፑን ወሰደችው። ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ እናንተም ስለምትፈልጉት ነው። መጀመሪያ ዲፉን ክፍተትን ችላ እንዲል አድርጋ አየችው፤ ቀዩና አረንጓዴው አብዛኛው ጠፋ። ቀጥላ «ወርድ ዲፍ» በሚለው አማራጭ አየችው፤ ይህ መስመርን ሳይሆን ቃልን ከቃል ስለሚያወዳድር፣ መልሰው የተሰባበሩት አንቀጾች ሁሉ ዝም አሉና እውነተኞቹ ሁለት ለውጦች ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ አዲስ ብራንች ከፈተች፣ የኤዲተሩን በሴቭ ጊዜ የማጽዳት ልማድ ለዚያ ፎልደር አጠፋች፣ የመስመር መጨረሻውን ዓይነት አስተካከለች፣ ሁለቱን ለውጦች እንደ አዲስ በእጅ አስገባች፤ በሁለት የተለያዩ ኮሚቶች (ጊት ላይ ለየብቻ በተመዘገቡ ለውጦች)። በመጨረሻ «ጊት ዲፍ ቼክ» ብላ የተረሳ ባዶ ክፍተት አለመኖሩን አረጋገጠች። ሁሉም ከደሴ ኮምቦልቻ ታክሲ እስኪሞላ ያህል ጊዜ አልፈጀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮአችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ቅርጽ የሚያስተካክል ኮሚት ይዘት አይነካም፣ ይዘት የሚነካ ኮሚት ቅርጽ አያስተካክልም። አንድ ቃል ስትቀይሩ መስመሩ ትንሽ ቢረዝም አንቀጹን በሙሉ መልሳችሁ አትስበሩ። የጃንጎ ሰነድ መስመር በ80 ቁምፊ አካባቢ እንዲሰበር ይጠበቃል፤ ግን ከዚያ ያለፈውን መስመር ብቻ ነክታችሁ ቀሪውን ተዉት። የግድ ፋይሉ ሁሉ መነካት ካለበት ለብቻው ይሁን። ጃንጎ ራሱ ብላክን ሲያስገባ እንዲህ ነው ያደረገው፤ የዚያን ትልቅ ኮሚት መለያ «ጊት ብሌም ኢግኖር ሬቭስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ስለመዘገበው ዛሬ «ይህን መስመር ማን ጻፈው?» ብላችሁ ጊትን ስትጠይቁት ፎርማተሩን ዘሎ እውነተኛውን ጸሐፊ ማሳየት ይችላል። ለራሳችሁ ፕሮጀክትም ይህን ፋይል መፍጠር ዋጋው የአንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

አሁን ለሰው ወደቀረው ሥራ ልምጣ። አንደኛ የምሳሌዎች ስያሜ ነው። እያንዳንዱ የኮድ ምሳሌ ምን ዓይነት እንደሆነ ለስፊንክስ ይነገረዋል፤ ፓይተን ነው፣ የጃንጎ ቴምፕሌት ነው፣ የተርሚናል ትእዛዝ ነው፣ ወይስ ሦስት ቀስት ያለው የፓይተን ሼል ንግግር ነው። የሼሉን ምሳሌ «ፓይተን» ብላችሁ ብትሰይሙት ትክክል ይመስላል፤ «ፓይኮን» ስትሉት ግን ሰው የጻፈውና ማሽኑ የመለሰው ተለይቶ ይቀለማል፤ ብላክን ዶክስም ምኑን መንካት ምኑን መተው እንዳለበት ያውቃል። ጃንጎ ከዚህም አልፎ «ኮንሶል» የሚባል የራሱ ዳይሬክቲቭ (ለስፊንክስ የሚሰጥ ልዩ ትእዛዝ) አለው፤ አንዱን ትእዛዝ ለሊኑክስና ማክ፣ ለዊንዶውስም በየትሩ (በየታቡ) አድርጎ ያቀርበዋል። ሁለተኛ ባክቲክ («`» የሚለው ምልክት) ነው። ማርክዳውን ከሚባለው ሌላ አጻጻፍ የመጣ ሰው ኮድን በአንድ ባክቲክ ይከባል፤ በሪስትራክቸርድቴክስት ኮድ የሚከበበው በሁለት ነው። ጃንጎ በዚህ ላይ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ነጠላ ባክቲክ ሲያይ ግንባታው ላይ «ሁለት ልትል ፈልገህ ነው ወይስ የሊንክ የግርጌ ሰረዝ («_») ረስተህ?» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ማስጠንቀቂያውን አንብቡት፤ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ርዕስ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ቃልና የተጸውዖ ስም ብቻ በትልቅ ፊደል እንዲጀምር ነው የሚፈለገው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሁሉንም ቃል በትልቅ ፊደል ጀምሮ ይልክና እንዲመልስ ይጠየቃል።

ስለ አላላክ ብዙ አልልም። የፊደል ግድፈትን የመሰለ ጥቃቅን ነገር ቲኬት አያስፈልገውም፤ ከዚያ ከፍ ያለ ከሆነ መጀመሪያ ጃንጎ በሚጠቀምበት ትራክ በሚባለው የጉዳይ መመዝገቢያ ላይ ቲኬት ክፈቱ፣ ተቀባይነት እስኪያገኝም ጠብቁ። የኮሚት መልእክቱ የቲኬቱን ቁጥር ይዞ፣ ሁለት ሰረዝ ተከትሎት፣ በኃላፊ ጊዜ ተጽፎ በነጥብ ይዘጋል። ከመላካችሁ በፊት «ሜክ ስፔሊንግ» እና «ሜክ ብላክ» አሂዱ። ስፔሊንጉ የማያውቀውን ቃል ካገኘ ቃሉ እውነት ቃል ከሆነ በዝርዝሩ ፋይል ውስጥ ይጨመራል፤ የኮድ ስም ከሆነ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡት፣ ባክቲክ ነው የጎደለው። የልጁ ፑል ሪኩዌስት የሄደው እንዲህ ተሠርቶ ነው፤ ሪቪወሩ የጠየቀው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፣ ተስተካክላ ገባች።

ሁለተኛው ክፍል የራሳችን ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ላለ አንድ ደንበኛ የመጋዘን ሲስተም ስንሠራ መመሪያውን በአማርኛ ጻፍነው፤ የጃንጎን ልምድ ወርሰን በስፊንክስ። ወረቀት ላይ ታትሞ መሳቢያ ውስጥ ከሚቀር ሲስተሙ ውስጥ ይከፈት ብለን ነው። ጥሩ ነበር፤ እስኪደወልልን ድረስ።

የደወሉት ማታ ማታ ባክአፕ የሚወስዱት የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። «ልጄ፣ የጻፋችሁትን ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩት፤ እምቢ አለኝ» አሉ። ምን እንደሚል እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ቀስ ብለው አነበቡት፤ አውትፑት የሚባል አፕ አልተጫነም ይላል። አውትፑት አፕ አይደለም! ባክአፑ በየትኛው ፋይል ይቀመጥ የሚለውን የሚናገር አማራጭ ነው፤ ከፊቱ ሁለት ሰረዝ አለው። «ጋሼ፣ ከቃሉ በፊት ሰረዙ ስንት ነው?» አልኳቸው። «አንድ ነው፤ ረዘም ያለ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መመሪያውን የጻፈው ባልደረባችን «የሚከተለውን ትእዛዝ ይጻፉ» ካለ በኋላ «::» ሊጽፍ ፈልጎ ነበር። በሪስትራክቸርድቴክስት አንቀጽ በ«::» ሲያልቅ ከሥሩ ገባ ብሎ የተጻፈው ኮድ ይሆናል። ነገር ግን ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር፤ ብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች «:»ን ሁለት ጊዜ ስትመቱ አራት ነጥብ ነው የሚያወጡት። ስለዚህ ፋይሉ ላይ የተቀመጠው «ይጻፉ።» ነው። ለአማርኛ አንባቢ ምንም ስህተት የለውም፤ ሰዋስው አስተማሪም አርሞ አያገኘውም። ስፊንክስ ግን ከሥሩ ያለውን ትእዛዝ ኮድ መሆኑን ሳያውቅ እንደ ተራ ጥቅስ ጽሑፍ አስተናገደው። የቋንቋ ሴቲንጉን በነባሪው እንግሊዝኛ ትተነው ስለነበር ደግሞ ተራ ጽሑፍ ላይ የሚሠራው አሳማሪ መጣና ሁለቱን ሰረዝ ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ለወጠው። ማሳመሩ ጽሑፍ ላይ ጥሩ ነው፤ ትእዛዝ ላይ ግን ጃንጎ ያቺን ረጅም ሰረዝ አማራጭ አድርጎ ስለማይቀበላት ቃሉን የአፕ ስም ነው ብሎ ፈለገው።

ይህንን ስንከታተል ከዚህ የባሰ አገኘን። ሌላ ገጽ ላይ «ከዚህ በታች ያለውን ይመልከቱ» ይላል፤ ከታች ምንም የለም። ፋይሉን ስንከፍት ምሳሌው በሥርዓት ተቀምጧል። የኮድ ብሎክ ዳይሬክቲቭ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ነጥብ («..») እና በክፍተት ጀምሮ ስሙን አስከትሎ በ«::» ነው የሚጻፈው፤ እዚህ ግን መጨረሻው ላይ ያለችው ያቺው አራት ነጥብ ናት። በሁለት ነጥብ ጀምሮ የታወቀ ቅርጽ ያልያዘ ነገር ሁሉ በሪስትራክቸርድቴክስት ሕግ ኮሜንት ነው። ኮሜንት ደግሞ ከሥሩ ገባ ብሎ የተጻፈውን ሁሉ ይዞ ከገጹ ይጠፋል፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ስህተት የለም፣ ግንባታው በሰላም ያልቃል። አንድ «:» ብቻ ብትጽፉም ውጤቱ ያው ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚጽፉትንም አይምርም። «ማስጠንቀቂያን እንደ ስህተት ቁጠር» የሚለውን የስፊንክስ አማራጭ መክፈት ግድ ነው፤ ሁላችሁም ክፈቱት። ግን በእሱ አትዘናጉ፤ የሚያዋርድ ስህተት ማስጠንቀቂያ እንኳ የማያወጣው ነው።

መፍትሔው ቀላል ስክሪፕት ሆነ። በሁለት ነጥብና ክፍተት የሚጀምረውን መስመር ሁሉ ይለቅማል፤ በውስጡ «::» ከሌለ ያሳየናል። የሊንክ ዒላማና የግርጌ ማስታወሻን ያልፋል፤ እውነተኛ ኮሜንት ስንጽፍ ደግሞ መጀመሪያው ላይ «ማስታወሻ» የሚል ቃል እናስገባለን፤ ስክሪፕቱ እንዲለየው። ሁለተኛው ፍተሻ በአራት ነጥብ አልቆ፣ ባዶ መስመር ተከትሎት፣ ቀጥሎ ገባ ብሎ የተጻፈ መስመር ያለበትን ይጠቁማል። ከዚህም ሌላ አንቀጽን በ«::» መጨረስ ራሱን ተውነው። ስፊንክስ ገጹ ላይ ከሁለቱ አንዱን ያስቀራል፤ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ የእንግሊዝኛ ሁለት ነጥብ ተንጠልጥሎ ሲታይ ደግሞ ያስቀይማል። ዓረፍተ ነገሩን «ይጻፉ፦» ብለን በራሳችን ምልክት እንዘጋና «::» ብቻውን በሚቀጥለው መስመር፣ ባዶ መስመር ከፊትና ከኋላ አድርገን እናስቀምጠዋለን፤ እንዲህ ሲሆን ገጹ ላይ ምልክቱ አይታይም።

ርዕስም ትንሽ ያስቸግራል። በሪስትራክቸርድቴክስት ርዕስ ማለት ከሥሩ የእኩል ምልክት ወይም ሰረዝ የተሰመረበት መስመር ነው፤ መስመሩ ከርዕሱ ካጠረ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ብዙ ኤዲተሮች ላይ ፊደላችን ከላቲኑ ስለሚሰፋ በዓይን ሲለካ ያታልላል፤ ስፊንክስ አንዱን ፊደል እንደ አንድ ቁምፊ ነው የሚቆጥረው። ለመቁጠር አትድከሙ። መስመሩ ቢረዝም ችግር የለውም፤ እኛ ሁሌም አስረዝመን ነው የምናሰምረው።

ከሁሉ ያከራከረን ግን የቃል ቅጥያ ነው። በአማርኛ «በ»፣ «የ»፣ «ከ» ከቃሉ ፊት፣ «ን» እና «ው» ከኋላው ይለጠፋሉ። ሪስትራክቸርድቴክስት ደግሞ ባክቲክ ከመከፈቱ በፊትና ከተዘጋ በኋላ ክፍተት ወይም ሥርዓተ ነጥብ ይፈልጋል። «በ``ሴቲንግስ`` ውስጥ» ብላችሁ ስትጽፉ ከባክቲኩ ፊት የተለጠፈው «በ» ፊደል ስለሆነ ኮድነቱ አይታወቅም፤ ባክቲኮቹ እንዳሉ ገጹ ላይ ይወጣሉ። ይህስ ይታያል። የከፋው የኋላው ነው። «``ሴቲንግስ``ን ከፍተው ``ዲበግ`` የሚለውን ይፈልጉ» የሚለውን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ባክቲክ በትክክል ተከፍቷል፤ መዝጊያው ግን «ን» ስለተለጠፈችበት መዝጊያነቱ አልታወቀም። ስፊንክስ መዝጊያ ፍለጋ እየሄደ «ዲበግ» መጨረሻ ላይ ያገኛል። ውጤቱ «ከፍተው» የሚለውን ቃል ጨምሮ መሐል ያለው ሁሉ አንድ ረጅም ኮድ ይሆናል፤ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ። በዚያው አንቀጽ ሌላ ባክቲክ ባይኖር ኖሮ ቢያንስ «የተከፈተው አልተዘጋም» ይል ነበር። ነጠላ ሰረዛችን «፣» እና አራት ነጥባችን ግን በሥርዓተ ነጥብነት የታወቁ ናቸው፤ እነሱ ቢለጠፉ ችግር የለም።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው በቅጥያውና በባክቲኩ መሐል ባክስላሽና ክፍተት ማስገባት ነው፤ «በ\ ``ሴቲንግስ``\ ን» እንደማለት። ገጹ ላይ ባክስላሹም ክፍተቱም ይጠፋሉ፣ ቃሉ እንደተለጠፈ ይነበባል። ፋይሉ ግን እሾህ የበቀለበት ይመስላል፤ አዲስ የመጣ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ «ላጽዳው» ብሎ ይሰርዘዋል። ይህ ደርሶብናልና እዚያው ፎልደር ውስጥ ምክንያቱን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ አስቀምጠናል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን መለወጥ ነው፤ ቅጥያው የኮዱ ስም ላይ ሳይሆን የአማርኛ ስም ላይ እንዲያርፍ። «``ሴቲንግስ`` የተባለውን ፋይል ከፍተው» ስትሉ ባክስላሽ የለም፣ አንባቢውም ነገሩ ፋይል መሆኑን አወቀ። እኔ ይህን እመርጣለሁ። ባልደረባዬ «ሁሉ ነገር ‹የተባለው፣ የተባለው› ሆነ፤ የፍርድ ቤት መዝገብ አስመሰላችሁት» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ዝርዝር ማጣቀሻ ገጽ ላይ ያሰለቻል። ስለዚህ ለመጋዘን ሠራተኞች በተጻፈው መመሪያ ላይ በስሙ መንገድ እንሄዳለን፣ ለፕሮግራመር በተጻፉት ገጾች ላይ በባክስላሹ። ስክሪፕቱ ከባክቲክ ጎን የተለጠፈ ፊደል ሲያገኝ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ይሰጠናል፤ በሁለቱ መንገድ የትኛውን እንደምንጠቀም የሚወስነው ገጹን የጻፈው ሰው ነው፤ ሪቪው የሚያደርገው ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት እንዳይሰጥ ተስማምተናል።